ስለ ባላገር ጸጥታና ስለ ዕዳው

ሰው ከከተማ ሁካታ ርቆ ጸጥ ባለ ባላገር ተቀምጦ ለማሰብ መመኘቱ አዲስ ነገር አይደለም። ነጋዴው ሒሳቡ ሲያሰለቸው፥ ሹሙ ባለጉዳይ ሲበዛበት፥ ተማሪው መጽሐፉ ሲከብደው፥ ሁሉም የሚመኘው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ከጩኸት ማምለጥ ነው። እንዲህ ያለ ምኞት ያደረባቸውን የብዙ ሰዎች ልብ የሳበው ደግሞ የኢጣልያ ባላገር ነው፤ ይልቁንም በቶስካና ክፍል ከሲየና ከተማ በስተደቡብ የሚገኘው ቫል ዶርቻ የሚባለው ሸለቆ። በዚያ አገር በኮረብታ ራስ ላይ የድንጋይ ቤት ተከራይቶ ወይም ገዝቶ የሚቀመጥ እንግዳ ቀኑን የሚያሳልፈው እንዲህ ነው። ጧት ተነሥቶ ወደ አንዱ ጥንታዊ ከተማ ወይም ወደ አንዱ ገዳም ይሄዳል፤ ያያል፥ ይመረምራል። ማታም ወደ ቤቱ ተመልሶ ከደጁ ተቀምጦ የፀሐይዋን መጥለቅ እየተመለከተ ያየውን ሁሉ በልቡ ያመላልሳል። ከዚህ የሚበልጥ ደግ ኑሮ ምን አለ? የሚል ብዙ ነው።

ነገር ግን አንድ ጥያቄ ይነሣል። ይህ ጸጥታ ከወዴት መጣ? የማንስ ነው? ያገኘውስ ሰው ለማን ምን ይከፍላል? ጸጥታን እንደ ነፋስና እንደ ፀሐይ ብርሃን በነጻ የተሰጠ አድርጎ የሚቀበለው ሰው ጥቂት አይደለም፤ ነገሩን ቀርቦ ለመረመረው ግን ሌላ ሁኖ ይገኛል። ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የጥንቶቹን ምክር መስማት ይገባል። ሴኔካ የሚባለው የሮማ ፈላስፋ በሽምግልናው ዘመን ለወዳጁ ለሉኪልዮስ በጻፋቸው ደብዳቤዎች አገር መለወጥ የልብን ሕመም እንደማይፈውስ ያስተምራል፤ መንገደኛው የሚሸሸውን ራሱን ተሸክሞ ይሄዳልና። ከነዚያ ደብዳቤዎች አንዱ ይልቁንም የሚያስደንቅ ነው። ፈላስፋው ከሕዝብ መታጠቢያ ቤት በላይ ተቀምጦ ሳለ የሚሰማውን ጩኸት ሁሉ፥ ጉልበታቸውን የሚያሠለጥኑትን ሰዎች ማቃሰትና ምግብ የሚሸጡትን ሰዎች ጥሪ እንኳ ሳይቀር፥ አንድ በአንድ ይቈጥራል። ከዚያም እውነተኛው ጸጥታ የሚገኘው በኅሊና ውስጥ እንጂ በሰፈር ውስጥ አይደለም ብሎ ይፈርዳል። በደብዳቤው መጨረሻ ግን ያን ቤት ለቅቆ ወደ ሌላ ስፍራ ለመሄድ ማሰቡን ይናገራል። በዚህ የሚስቁ አሉ፤ ነገሩ ግን ቁም ነገር አለበት። ቦታ ብቻውን ለሰው ዕረፍትን አይሰጥም፤ ቢሆንም ቦታ ይረዳል። ጸጥታ የልብና የስፍራ የጋራ ሥራ ነው።

የቦታ ውበት ብቻውን ዕረፍት እንዳልሆነ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ቅርብ የሆነ ምስክር አለ። በየካቲት ወር 1937 በአዲስ አበባ ከተደረገው እልቂት በኋላ የፋሺስት መንግሥት ብዙ መኳንንትንና ቤተ ሰቦቻቸውን በግዞት ወደ ኢጣልያ ወሰደ። ከነዚህ ብዙዎቹ በአሲናራ ደሴት ታሰሩ፤ ሌሎቹ ደግሞ በሮማ አቅራቢያ ባለችው በቲቮሊ፥ በአቬሊኖ አጠገብ ባለችው በመርኮልያኖ፥ በካላብርያ ተራራ ላይ ባለችው በሎንጎቡኮ ተጋዙ። ቲቮሊ በፏፏቴዋና በአትክልት ስፍራዋ የታወቀች፥ ከሩቅ አገር እንግዳ የሚጐበኛት ከተማ ናት። ነገር ግን አገሩ በጠላት እጅ ወድቆ ወገኑ ማለቁን እያሰበ ለሚቀመጥ ግዞተኛ የውሃ ድምፅ ምን ዕረፍት ይሰጠዋል? አንዱ ኮረብታ ለአንዱ የአትክልት ስፍራ፥ ለሌላው ወህኒ ቤት ይሆናል። ልዩነቱን የሚያመጣው ዛፉና ውሃው አይደለም፤ አንደኛው ሲሻው መጥቶ ሲሻው መሄድ መቻሉ፥ ሁለተኛው አለመቻሉ ነው። እንግዲህ በፈቃዱ የተቀመጠ እንግዳ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው ነገር ይህ ነው፤ የሚደሰትበት ጸጥታ ግማሹ ነጻነቱ ነው።

ስለ ሌላው ግማሽ ደግሞ የሲየና ከተማ ታስተምራለች። ለአንድ ቀን ወደ ሲየና የሄደ እንግዳ ፓላጾ ፑብሊኮ ወደሚባለው የከተማው መንግሥት ቤት ይገባል። ዘጠኙ ገዢዎች ይሰበሰቡበት በነበረው አዳራሽ አምብሮጆ ሎሬንጸቲ የሚባለው ሠዓሊ በ1338 እና በ1339 በግድግዳው ላይ መልካም አገዛዝና ክፉ አገዛዝ በከተማና በባላገር የሚያፈሩትን ፍሬ ሥሎበታል። በመልካሙ አገዛዝ ሥዕል የከተማው በር ተከፍቶ ይታያል። ከበሩ መኳንንት ጭልፊት ይዘው በፈረስ ለአደን ይወጣሉ፤ በዚያው መንገድ ላይ ባላገሮች አህያ ጭነው አሳማም እየነዱ ወደ ገበያ ይወጣሉ። ከመንገዱ ባሻገር አንዱ ያርሳል፥ አንዱ ያጭዳል፥ አንዱ ይወቃል። ከሁሉም በላይ የጸጥታ ምሳሌ የሆነች ክንፍ ያላት ሴት በአየር ላይ ትታያለች፤ በአንድ እጅዋ ጽሕፈት፥ በሌላው እጅዋ ሰው የተሰቀለበት መስቀያ ይዛለች።

ይህን ሥዕል በማስተዋል የተመለከተ ሰው ሁለት ነገር ይማራል። አንደኛው፥ ጸጥታ ራሱን የቻለ ነገር አለመሆኑ ነው፤ የሚጠብቀው ሕግ አለ፥ ሕጉም የሚያስፈራ ፊት አለው። ሁለተኛው፥ በአንዱ መንገድ ላይ የሚተላለፉት ሰዎች አለመመሳሰላቸው ነው። አንዱ ከከተማ የሚወጣው ለደስታ ነው፤ ሌላው ወደ ከተማ የሚገባው ለእንጀራ ነው። የመጀመሪያው ባላገሩን ያያል፤ ሁለተኛው ባላገሩን ይሠራል። ከሲየና በስተደቡብ በፒየንጻ ከተማም ይኸው ነገር በድንጋይ ተሠርቶ ይታያል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 2ኛ በ1405 የተወለዱባትን ኮርሲኛኖ የምትባለውን መንደር ከ1459 ጀምሮ በበርናርዶ ሮሰሊኖ እጅ አሳንጸው ፒየንጻ ብለው በስማቸው ሰየሟት። የቤተ መንግሥታቸውም ደቡባዊ ፊት ሸለቆውንና አሚያታ የሚባለውን ተራራ ለማየት እንዲመች ፎቅ በፎቅ በሰገነት ተሠራ። ሰገነቱ ያማረ ነው፤ ከሰገነቱ የሚታየውን እርሻ ያሳመረው ግን በሰገነቱ ላይ ያልተቀመጠ ሰው ነው።

ያ ባላገር የተሠራበት ውል መዛድሪያ ይባል ነበር፤ በኢትዮጵያ እኩል አራሽ ይባል ከነበረው ሥርዓት ጋራ በብዙ ይመሳሰላል። ባለርስቱ መሬቱንና ቤቱን ይሰጣል፤ አራሹ ከነቤተ ሰቡ ጉልበቱን ይሰጣል፤ ስንዴውም፥ ወይኑም፥ የወይራ ዘይቱም እኩል ይከፈላል። ይህ ውል ከ13ኛውና ከ14ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በቶስካና ተስፋፍቶ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት ድረስ ቆየ። አራሹ በሚያርሰው መሬት መካከል እንዲቀመጥ ስለ ተፈለገ፥ ዛሬ በየኮረብታው ራስ ላይ አንድ አንድ ሁነው የሚታዩት የድንጋይ ቤቶች ከዚያ ውል የተወለዱ ናቸው። ከታች ከብት ይታሰር ነበር፤ ከላይ ሰው ያድር ነበር፤ በብርድ ወራትም የበሬዎቹ ትንፋሽ ከታች ሁኖ የሰዎቹን ወለል ያሞቅ ነበር። ባለርስቱ ያልወደደውን ቤተ ሰብ የዓመቱ ውል ሲያልቅ ከነልጆቹ ማሰናበት ይችል ነበር። የወይኑ መደዳ፥ የወይራው እርከን፥ በመንገዱ ዳር የተሰለፈው ዘለግ ያለው ጥድ፥ እንግዳው የተፈጥሮ ውበት ብሎ የሚያመሰግነው ሁሉ፥ በሰው እጅ የተተከለና የተኰተኰተ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አራሾቹ መብታቸውን አጥብቀው ጠየቁ። በ1948 የወጣ ሕግ የአራሹን ድርሻ ከመቶ 53 አደረገው። በ1964 የወጣው ሕግ ደግሞ አዲስ የመዛድሪያ ውል መዋዋልን ከለከለ፤ በ1982 የወጣው የቀሩት ውሎች ወደ ኪራይ የሚለወጡበትን መንገድ ከፈተ። ሕጉ ግን ከሰዎቹ እግር ኋላ ነበረ። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓመታት ወጣቶቹ ወደ ፋብሪካና ወደ ከተማ ጐረፉ፤ ሽማግሌዎቹም ልጆቻቸውን ተከተሉ። በርና መስኮት ተዘጋ፤ ጣራ ፈረሰ፤ በግድግዳው ላይ ቅጠል በቀለ። ከዚያም ከከተማና ከውጭ አገር የመጡ ሰዎች ባዶዎቹን ቤቶች እየገዙ አደሱ፤ በ1985 የወጣ ሕግም ገበሬ በእርሻው ላይ እንግዳ ተቀብሎ እንዲያስተናግድ ደንብ ሠራለት። በ2004 የተባበሩት መንግሥታት የትምህርትና የባህል ድርጅት ቫል ዶርቻን በዓለም ቅርስ መዝገብ ጻፈው።

ስለዚህ ዛሬ እንግዳው ማታ ከደጁ ተቀምጦ የሚሰማው ጸጥታ ከፍጥረት ብቻ የመጣ አይደለም። ከፊሉ የሄዱ ሰዎች ዝምታ ነው። ራት የሚበላበት ክፍል በሬ ይታሰርበት የነበረ ጋጣ ሊሆን ይችላል። በዚያ ግቢ ሕፃን ያለቅስ ነበር፤ እናት ትጣራ ነበር፤ በመከር ጊዜ ጐረቤት ለደቦ ተሰብስቦ ይውል ነበር። እንግዳው ለማሰብ ዕድል ያገኘው እነዚህ ሰዎች ዝም ስላሉ ነው።

በዚህ ጊዜ እንግዳው ሊመልሰው የሚችል እውነተኛ መልስ አለው፤ ፍርድም የሚቀና እርሱ ሲሰማ ነው። ማንንም አላባረርሁም፤ የሄዱት ኑሮው ስለ ከበዳቸው ነው፤ የሄዱትም መብራትና የቧንቧ ውሃ፥ ለልጆቻቸውም ትምህርት ፈልገው ነው፤ ቤቱንም ባላድሰው ኖሮ ፈርሶ ይቀር ነበር ቢል፥ የተናገረው ሐሰት አይደለም። ከዚያ ኑሮ የወጣውን ሽማግሌ ተመለስ ቢሉት እሺ አይልም። እንዲያውም የድሮውን ኑሮ ደግ ዘመን እያሉ የሚያሞግሱ እንግዶች ሌላ ስሕተት ይሠራሉ፤ ውሃ በትከሻው ያልተሸከመ ሰው የምንጭን ርቀት ውብ መንገድ ብሎ ይጠራዋልና። እንግዲህ እንግዳው በደለኛ ነው ማለት አይቻልም።

ነገር ግን በደል ሌላ ነው፥ ዕዳ ሌላ ነው። ሌላ ሰው ከቈፈረው ጉድጓድ ውሃ የሚጠጣ መንገደኛ ሌባ አይባልም። ውሃው ራሱ ፈልቆ የወጣ ነው ብሎ ቢያስብ ግን ምስጋና ቢስ ይባላል፤ ጉድጓዱን ደፍኖ ቢሄድ ደግሞ ክፉ ይባላል። በደለኛ የሚፈለግበት ንስሐና ካሣ ነው፤ ባለዕዳ የሚፈለግበት ግን ዕዳውን ማወቅና በጊዜው መክፈል ነው። የባላገሩን ጸጥታ የሚመለከተው የግብረ ገብ ጥያቄም በዚህ ይፈታል። በጸጥታ መደሰት ኀጢአት አይደለም፤ ተበድረው ሳለ የራስ ንብረት ነው ማለት ግን ሐሰት ነው።

ይህ ዕዳ እንዴት እንደሚከፈል ሁለት ምስክሮች በዚያው አገር ይገኛሉ፤ ሁለቱም ከእንግዳው ቤት በአንድ ቀን ደርሶ መልስ የሚጐበኙ ስፍራዎች ናቸው። የመጀመሪያው የሞንቴ ኦሊቬቶ ማጆሬ ገዳም ነው። በ1272 በሲየና ከታወቀ ቤተ ሰብ የተወለደው በርናርዶ ቶሎሜይ በ1313 ከሁለት ወዳጆቹ ጋራ ከተማውን ትቶ አኮና ወደሚባለው ሸክላማና ምድረ በዳ ወደ ሆነው ስፍራ መነነ። በዚያም በቅዱስ ቤነዲክቶስ ሥርዓት የሚተዳደር ማኅበር ተመሠረተ። ጸጥታን ከልቡ የፈለገ ሰው ቢኖር እርሱ ነው፤ 35 ዓመት ያህል ኖረበትም። በ1348 ግን ታላቁ ወረርሽኝ በሲየና ገባ። የሚቻለው ሁሉ ከከተማ ወደ ባላገር በሚሸሽበት ጊዜ በርናርዶ ከባላገር ወደ ከተማ ወረደ፤ በዚያ የታመሙትን መነኮሳት ሲያስታምም በዚያው በሽታ ሞተ። ከብዙ ሙታን ጋራ በአንድነት ስለ ተቀበረ ሥጋው አልተገኘም። በ2009 የሮማ ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ብላ ሰየመችው። ዛሬ ገዳሙን የሚጐበኝ እንግዳ በጥዱ ጥላ ሥር ሲሄድ ያ ጸጥታ እውነተኛ መሆኑ የታወቀው በተለቀቀበት ቀን መሆኑን ሊያስብ ይገባዋል።

ሁለተኛው ምስክር ላ ፎቼ የሚባለው ርስት ነው። ወይዘሮ ኢሪስ ኦሪጎ በ1902 የተወለዱ፥ አባታቸው አሜሪካዊ እናታቸው የእንግሊዝና የአየርላንድ ወገን የሆኑ ጸሐፊ ነበሩ። ከኢጣልያዊው ባላቸው ከአንቶንዮ ኦሪጎ ጋራ በ1920ዎቹ ዓመታት በቫል ዶርቻ የተራቈተ ሸክላማ መሬት ገዝተው መንገድ አወጡ፤ ለአራሾቹ ልጆች ትምህርት ቤት፥ ለታመሙትም መታከሚያ አቆሙ። የአትክልት ስፍራቸውም በውበቱ የታወቀ ሆነ። ባለርስቶች ነበሩና ከዚያ ውል ጥቅም የራቁ አልነበሩም፤ ይህን መደበቅ አይገባም። ጦርነቱ በደረሰባቸው ጊዜ ግን ከጄኖቫና ከቶሪኖ ከቦምብ የሸሹ ሕፃናትን ተቀብለው አሳደሩ፤ ከእስር ላመለጡ ወታደሮችና በጫካ ለተሸሸጉ ሰዎችም ምግብ ሰጡ፤ ይህም በጀርመኖች ዘንድ በሞት የሚያስቀጣ ሥራ ነበረ። በሰኔ ወር 1944 የጦር ግንባሩ ደጃቸው ሲደርስ ሕፃናቱን ይዘው መድፍ በሚተኰስበትና ፈንጂ በተቀበረበት መንገድ በእግራቸው ወደ ሞንቴፑልቻኖ ከተማ ሄዱ፤ የከተማውም ሰዎች በየቤታቸው ተቀበሏቸው። ወይዘሮ ኢሪስ የዚያን ጊዜ የዕለት ማስታወሻቸውን በ1947 አሳተሙት። የአትክልት ስፍራው በር በመከራ ቀን ለሌላው ካልተከፈተ ምን ይጠቅም ነበር?

እነዚህ ሁለት ምስክሮች በሃይማኖት ሥርዓትና በኑሮ አይመሳሰሉም። አንዱ መናኝ፥ ሌላዪቱ ባለርስት ናቸው። ነገር ግን ጸጥታቸውን ለራሳቸው ብቻ አልያዙትም። ብዙ ዓመት በጸጥታ የተቀመጠ ሰው የሌላውን ጩኸት ከሩቅ የሚሰማ መሆን ይገባዋል፤ በሁካታ መካከል ያለ ሰው ግን ጐረቤቱን እንኳ ላይሰማ ይችላል። ጸጥታ ጆሮን የሚያነቃ ከሆነ ለሰው በጎ ነው፤ የሚያደነቍር ከሆነ ግን በውብ ቦታ ላይ የተኙት እንቅልፍ ነው።

መነኮሴ ወይም ባለርስት ያልሆነ ተራ እንግዳስ ዕዳውን በምን ይከፍላል? በሦስት ነገር ይከፍላል። መጀመሪያ በማወቅ፤ የሚያድርበት ቤት የማን እንደ ነበረ፥ ቤተ ሰቡ ወዴት እንደ ሄደ፥ ከመንደሩ ሽማግሌዎች ጠይቆ በማወቅ። የሄደ ሰው ስሙ ሲጠራ ከቤቱ ፈጽሞ አልወጣም ማለት ነውና። ሁለተኛ ዛሬም በመሬቱ ላይ ያሉትን በማየት። ባላገሩ ፈጽሞ ባዶ አልሆነም። አራሾቹ በሄዱ ጊዜ ከሰርዴኛ ደሴት የመጡ እረኞች የተተወውን መሬት ይዘው በግ አረቡበት፤ እንግዳው በፒየንጻ ገበያ የሚገዛው የበግ አይብ የታወቀው በነሱም ድካም ነው። ወይን በሚለቀምበት ወራትም ከሌላ አገር መጥተው በቀን ሙያ የሚሠሩ ብዙዎች አሉ። መንገደኛ ሁኖ ሰላምታ የማይሰጥ፥ ዋጋም ሲገዛ የሰውን ድካም የሚያራክስ ሰው፥ ሥዕሉን ወድዶ ሠዓሊውን የሚንቅ ነው። ሦስተኛ ለመውጣት ዝግጁ በመሆን። ማታ በደጅ ላይ የታሰበው ሐሳብ ጧት ወደ ሰው ካላደረሰ፥ ለታመመ ጐረቤት፥ ለብቸኛ አሮጊት፥ ለተቸገረ መንገደኛ እግርን ካላስነሣ፥ ሐሳብ መባሉ ይቅርና መቈዘም ሁኖ ይቀራል።

ብድር በምድር ይላል የአገር ሰው። ያለ አበዳሪ ብድር እንደሌለ፥ ያለ አንድ ሰው ድካም ወይም ስደት ወይም ጥበቃ የተገኘ ጸጥታም የለም። ይህም በቫል ዶርቻ ብቻ የሚነገር አይደለም፤ ከከተማ ወጥቶ በወንዝ ዳር ወይም በገዳም አጸድ ጥቂት ቀን የሚያርፍ ሰው ሁሉ፥ በየትም አገር ቢሆን፥ ይኸው ዕዳ አለበት። ዕዳውን የሚያውቅ ሰው በጸጥታው ይደሰት፤ ደስታው የተገባ ነው። በሩን ግን አይቈልፈው፤ የሚያንኳኳ ይኖራልና።